ጉዳዩ፦ ደረጃ ስለማውጣት

ከዲኑ ቢሮ ነው፣ ማኅተም ያረፈበት፣
አንድ ገጽ ደብዳቤ፣ ቀንና ቁጥር ያለበት።
«ኮሌጁ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ስለሆነ፣
በቅርጫት ኳስ ቡድን ስሙ የገነነ፣
ከአንድ እስከ ዐሥር ድረስ በደረጃ ለይተው፣
በሦስት ኮፒ ያቅርቡ፣ እስከ ዓርብ ጽፈው።»

እኔ የዕቃ ቤት ሰው ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት፣
ኳስ በፊርማ ሳወጣ፣ በፊርማ ሳስገባት፣
ጨዋታ ባለ ቀን፣ ከመስመሩ ዳር
ጠረጴዛ ይዤ ነጥብ በእርሳስ ስጭር።
ሰባት ደብተር ሞላሁ። ሰባቱን ደረደርኩ።
አይጥ የበላውን ገጽ በፕላስተር ለጠፍኩ።
«ቁጥር አይዋሽም» ብዬ ነበር የተነሣሁ፤
ፀሐይ ሳትጠልቅ ያልኩትን ረሳሁ።

በነጥብማ ከሆነ፣ ኤርሲዶ ነው አንደኛ፣
አርባ አንድ ያገባ፣ ዲላ ሲመጣ ወደ እኛ፤
ሲሚንቶው ረጥቦ እንደ ሳሙና ሲያድጥ፣
እሱ ብቻ ነበር እግሩ የማይናወጥ።
ግን ማን አቀበለው? ብዬ ገጹን ባየው፣
ለአቀባይ ዓምድ የለም፤ ቦታው ባዶ ነው።

ቾል ነበር ያቀበለው። ከጋምቤላ ሲመጣ፣
«ቁመቱ ሁለት ሜትር» ተብሎ ወሬ ወጣ፤
መናኸሪያ ሄደን፣ አንገታችንን ሰቅለን፣
በብብታችን ሥር አለፈ፣ እኛ ሰማይ እያየን።
አጭሩ ቾል። ዐይኑ ከጀርባው ነበረ፤
ሳይዞር ያቀብላል፣ ሰው ባልነበረበት ሰው እየፈጠረ።
በአራት ዓመት ያስገባው ነጥብ ዐሥራ ሦስት።
በእኔ ደብተር ቾል ማለት ኢምንት።

ኳሷ አንዲት ሳለች፣ ቡድኖቹ ሁለት፣
ዱካሌ በሬን ታንኳኳለች፣ በዐሥራ አንድ ሌሊት።
አባ ኮዳው ወደ አሞራ ገደል ሳይወርድ ወደ ዓሣው፣
የሐዋሳ ሐይቅ ጉም ቀለበቱን ሳይለቅቀው፣
ትወረውራለች። እኔ ጋቢዬን ለብሼ ደጃፍ ቆሜ፣
ብረቱ ካልጮኸ ገባ እላለሁ፣ ቆጥሬ፣ ደግሜ።
ያ ሁሉ አልተጻፈም።
                 ተመደበች፣ ከአለታ ወንዶ ማዶ፣
ወንበር በሌለው ትምህርት ቤት፣ ሜዳው ባዶ፤
የቀርከሃ ቅርጫት፣ ቂጡን ቀድዳ ጥላ፣
ዋንዛ ላይ ሰቀለች፣ «ወርውሩ!» ብላ።
ዐሥር ዓመት ቆይቶ መጣች አንዲት ቀጭን ልጅ፤
ክርኗን ስታጥፈው፣ ያው የዱካሌ እጅ።
ይቺ ስታገባ ታዲያ ነጥቡ የማን ይሁን?
እርሳሴን ቀረጽኩ እንጂ አልጻፍኩም እስካሁን።

ደግሞ አንድ ነገር አለ፣ ለዲኑ የማይነገር፤
ሶርሳ የሚባል ልጅ፣ ተጠባባቂ ነበር።
አራት ዓመት ተቀመጠ፣ የሌላውን ፎጣ ይዞ፣
በዚያው በዲላ ዝናብ ገባ፣ ጉልበቱ ደንዝዞ።
ከቅርጫቱ ሥር ግርግር፣ ስንት እጅ ተነሣ፤
ኳሷ ገባች። ያየሁት ኤርሲዶን ነው። የጻፍኩት «ሶርሳ»።
ስለዚህ አርባ አንዱ በእውነት አርባ ሦስት ነበር፤
ኤርሲዶ ያውቃል፤ ሲያገኘኝ ይስቃል እንጂ አይናገር።

ሐሙስ መሸ። ከሜዳው ዳር ደረጃው ላይ ወጣሁ፣
ተመልካች የሚቀመጥበት፤ ታቦርን ከጀርባ አደረግሁ።
ሰባት ረድፍ ነው። ስንት ዘመን ታዘብኩት፣
ከላይ የተቀመጠውን ነው ፀሐይ የምትመታው በቀትር ሰዓት።

ዓርብ ጧት መልሱን አስገባሁ፤ በሦስቱም ላይ ፈረምኩ፦
«ደረጃን በተመለከተ፣ በታዘዝኩት መሠረት ሄጄ አየሁ፤ መረመርኩ።
ሦስተኛው ተሰንጥቋል፤ አምስተኛው ጭራሽ የለም፤
ክረምት ሳይገባ ካልተጠገነ ሰው ሊቀመጥበት አይችልም።
ሁለት ኩንታል ሲሚንቶ፣ አሸዋና አንድ ግንበኛ፤
ከዚያ በኋላ ይጠየቅ፣ ማን እንደ ሆነ አንደኛ።

ከሰላምታ ጋር።»