የምናገባህ እግር

ስሙን ያወጣሁት ለውሻው አልነበር፤
ሸዋንግዛው ይስማው ብዬ ነው ካጥሩ ሥር።
አንድ ክንድ መሬቴን ወስዶብኝ በአጥሩ፣
መዝገቡ ቀበሌ ሲያረጅ ከነክሩ፣
ቡችላ አመጣሁና «ምናገባህ» አልኩት፤
ጧትም ሆነ ማታ ጮክ ብዬ ጠራሁት።
«ና! ምናገባህ! ብላ! ምናገባህ!
ተኛ ምናገባህ! ማነው የነካህ!»
እሱ ግን አንድም ቀን ቃል አልመለሰ፤
በሩን ገጠም አርጎ ጋቢውን ለበሰ።

ስድስት ክረምት ሄደ። አጥሩም፣ እኛም ሸበትን።

ደብረ ብርሃን ይሏታል፤ እኔ ግን ሌሊቷን፣
ብርዷን ነው የማውቃት እንጂ ብርሃኗን።
የመጋዘን ዘበኛ ነኝ፤ ሺህ ብርድ ልብስ ተቆልፎ ከኋላዬ
ስንቀጠቀጥ እናድራለን፣ እኔና ውሻዬ።

ዘንድሮ በጥቅምት፣ በግራ ፊት እግሩ፣
በጣቶቹ መሐል፣ ከጥፍሩ ከሥሩ፣
አንድ ነገር በቀለ። መጀመሪያ ምስር፣ ቀጥሎም ሽንብራ፤
ለኅዳር ሚካኤል ባቄላ አከለና
በነጩ ውርጭ ላይ ደሙን እየዘራ
ያነክስ ጀመረ።
ሌሊቱን ሲልሰው፣ ሲልሰው እሰማለሁ፤
ባትሪዬን አብርቼ፣ አይቼ አጠፋለሁ።

«በፈረስ ጭራ እሰረው፣ ደርቆ ይወድቃል» አለኝ የቀን ተረኛው።
«ተኩሰው» ያለም አለ።
መንዝ ላይ አጎቴ፣ ልጅ ሳለሁ፣ በጋለ ወስፌ
የእግሬን አውራ ጣት ሲተኩስ፣ ጨርቅ ነክሼ ባፌ፣
የሸተተኝ ሥጋ የኔ መሆኑን አልረሳሁም።
አልቻልኩም።

ቅዳሜ ማለዳ በር ተመታ። ሸዋንግዛው ቆሟል፤
ባጃጁ ከኋላው ጭሱን ይተፋል።
«ውሻህ ያነክሳል» አለኝ፣ አጥሩን እያየ፤
«ጠባሴ በጨረር የምትቆርጥ ሐኪም መጥታለች። ቢላዋ የለም አሉ።»
«ምናገባህ?» ልለው አፌ ላይ መጣና፣
ውሻው ስሙን ሰምቶ ይነሳል አልኩና
ዋጥኩት።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ ዶክተር መክሊት። ካርድ አወጣች።
«የውሻው ስም?» አለች።
እኔ ጣሪያ አየሁ።
ሸዋንግዛው ጉሮሮውን ጠረገ፦ «ምናገባህ።»
እስክሪብቶዋ ቆመ።
«ስሙ ነው?»
«ስሙ ነው።»
«ለማን ተብሎ ነው እንዲህ ያለ ስም?»
«ለኔ ነው» አላት፣ ሳይስቅም፣ ሳይቆጣም።

በመርፌ አስተኛችው። ጠጉሩን ላጨች፤ ዓይኑን በርጥብ ጨርቅ ሸፈነች፤
ለኛም አረንጓዴ መነጽር ሰጠች።
ሸዋንግዛው ዓሣ መሰለ። እኔም ሳልመስል አልቀረሁም፤
ሁለታችንም አልተያየንም።
የጤፍ ፍሬ የምታህል ቀይ ነጥብ እግሩ ላይ አረፈች፤
ባቄላዋን ዙሪያዋን ዞራ ከሥሯ ነቀለች።
ደም የለም። «እየቆረጠ ይዘጋል» አለች ሐኪሟ።
ሽታው ግን ያው ነው። ጢስ የሚመጥ ቱቦ እያለ፣ ያው የመንዙ ነው።
አውራ ጣቴ ጫማዬ ውስጥ ታጠፈ።
ዞር ስል፣ ሸዋንግዛው የተኛውን ውሻ ቀኝ እግር ይዟል።
ያዝ ያለው የለም። ይዟል።

ባቄላዋ በብልቃጥ አዲስ አበባ ተላከች፤
ክፉ ትሁን ደግ፣ ገና አልታወቀች።
ዐሥር ቀን ርጥበት አይንካው ስለተባለ
የሸዋንግዛው የልጅ ልጅ አንድ እግር ካልሲ፣ ቢጫ፣
በአጥሩ ላይ ወረወረች።
አጥሩ እዚያው ነው። አንድ ክንዴም እዚያው።

ትናንት ማታ ለሥራ ስወጣ ከወዲያ ድምፅ ሰማሁ፦
«ምናገባህ! እግርህ እንዴት ነው?»
ውሻው ጅራቱን ቆላ።
እኔም፣ ማንን እንደጠየቀ ሳላጣራ፣
«ተሽሎታል» አልኩና ካፖርቴን ቆለፍኩ፤
ቀስ እያልን ወደ መጋዘኑ ወረድን።