የላባ ንባብ

በርሊን ላይ ኅዳር ነው። በአሮጌው መቃብር
ቅጠል እጠርጋለሁ፤ ከድንጋይ ጋር ስኖር
ሠላሳ ዓመቴ ነው።
ስም ሁሉ አንብቤያለሁ በእብነ በረድ ላይ፤
ወፍ ግን በስሟ ጠርቼ አላውቅም ነበር፣ ቀና ብዬ ወደ ሰማይ።

ያስተማረችኝ ሮስቪታ ናት፣
ጡረታ የወጣች የትራም ነጂ፣ ሰባ ሦስት ዓመት የሞላት፤
የሩቅ ማያ መነጽሯ አንዱ ዓይኑ የተሰነጠቀ፣
ካፖርቷ በአንድ ቁልፍ ብቻ የተጠበቀ።
«ጭልፊቱን አትፈልገው» ትለኛለች፣
«ርግቦቹን እይ። እነሱ እንደ ጥሬ ሲበተኑ፣
ያኔ ነው ዓይኖችህ የሚያድኑ።

ክንፉ እንደ ማጭድ የሾለ፣ ጉንጩ ላይ ጥቁር ሪዝ ያለው፣
ከደወሉ ማማ እንደ ድንጋይ የሚወረወረው፣
እሱ ሲላ ነው።
አየር ላይ ቆማ የምትርገበገበው ቀያይቷ
አይጥ ነው ሐሳቧ፤ ተዋት፣ ትሂድ በመንገዷ።
ክንፉ አጭር፣ ጅራቱ ረጅም፣
ከሐውልት ሐውልት በሰው ወገብ ልክ ሲሾልክ ኮሽ የማይልም፣
እሱ ነው ጭልፊቱ።»
ስሙ ሥራው ነው፤ ሰማይ ድስቱ ነው፣
ሲርበው ይጨልፋል፣ ማንም አልጋበዘው።

«መጠኑ ደግሞ አያታልህ። ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች፤
የትንሹ ዘር ሴት ከትልቁ ዘር ወንድ ልትስተካከል ትንሽ ነው የቀራት።
ጅራቱን እይ፦ ጫፉ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ነው? ወይስ ክብ?»
እኔ የማየው ብዙ ጊዜ ቁራ ነው።
አንድ ቀን እንዲያውም ትንፋሼን ውጬ ያደነቅሁት
ነፋስ ያነሣው የፕላስቲክ ከረጢት ነበር፤
እስክታስል ሣቀችብኝ።

ማክሰኞ ማለዳ፣ በአንዲት የዳቦ ጋጋሪ ሚስት መቃብር ላይ
ነጭ ላባ ክብ ሠርቶ ተኝቷል፤ በረዶ መሰለኝ ከሩቅ ሳይ።
ከመንገዱ ማዶ ጣሪያ ላይ ርግብ የሚያረባው ቱንጃይ
በቤት ጫማው ሮጦ መጣ።
«የኔ ናት» አለ፣ «አየር ላይ ሦስት ጊዜ የምትገለባበጠው።
ድመት ነው! የዚያች የመበለቲቱ ድመት!»

ሮስቪታ ጉልበቷን ይዛ ተንበረከከች፣
አንድ ላባ አንሥታ ወደ ብርሃን አዞረች፣
ሥሩን በአውራ ጣቷ ዳበሰች።
«ጥርስ ቢሆን ይቆርጠው ነበር። ይኸው፣ ሥሩ ሙሉ ነው፤
አንድ በአንድ የነቀለው ምንቃር ነው።
ጭልፊት ናት። ሴት። የዘንድሮ ልጅ።
ትናንት አይቻታለሁ፤ ደረቷ ላይ እንባ የመሰለ ነጠብጣብ ወርዶባታል።
ዕድሜ ስትጠግብ ነው
እንባው ተጋድሞ መስመር የሚሆንላት።»

ቱንጃይ ዝም አለ። ላባውን በቆቡ ለቀመ።
ቆይቶ፣ «የት ነው የተፈለፈለችው?» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።
ሮስቪታ እኔን አየች፤ እኔ መጥረጊያዬን።

ግንቦት ላይ «በሰሜን አጥር ያለው ደረቅ ዛፍ ይቆረጥ»
የሚል ወረቀት ከአለቃዬ ደርሶኝ፣
መጋዜን ይዤ እግሩ ሥር ቆሜ ነበር።
ከላይ የሚንጫጫ ነገር ሰማሁ።
«መጋዙ ተበላሽቷል» ብዬ ጻፍሁና ተመለስሁ።
ያችን ውሸት ያወቀች ሮስቪታ ብቻ ናት፤
ወረቀቱን የደበቅሁት በእሷ መነጽር ቦርሳ ነው።

ከሰዓት በኋላ ቱንጃይ በጣቱ አፏጨ፤
የቀሩት ሃያ ሁለቱ ከጣሪያው ተነሡ፣
አንዴ ዞሩ፣ ሁለቴ ዞሩ፣
በሦስተኛው እንደ ጥሬ ተበተኑ።
«ክብ ነው!» ብዬ ጮኽሁ፣ «ጅራቷ ክብ ነው!»
ለመጀመሪያ ጊዜ አልተሳሳትሁም፤
የመረቀኝ ግን የለም። እሱ ጣሪያው ላይ ይቆጥራል፣
ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ከዚህ ይታየኛል።

በኪሴ፣ ከሣሩ ውስጥ ያገኘሁት ቀለበት አለ፣
ከቀይ እግሯ ጋር የወደቀ።
ነገ እሰጠዋለሁ። ምናልባት ነገ።
ዛሬ በጣቴ ጫፍ፣ ሳላወጣው፣ ቁጥሯን አነብባለሁ፦
አራት፣ ዜሮ፣ ሰባት፣
የቀረው ተፍቋል።