የጎሚስታው ገንዳ

አዳማ፣ ጅቡቲ መውጫ፣ አቧራው ሳይነሳ፣
ኮምፕሬሰሩ ገና ሳይስል፣ ሳያገሳ፣
ጋሽ ወርዶፋ ይቆማል፣ ኮፍያውን አውልቆ፣
የግራሶ እጁን ባሮጌ ጨርቅ አድርቆ።
ጸሎቱ አጭር ናት፣ ሻይ እንኳ አታፈላ፤
ሁለት ቃል ከፊት፣ ዝምታ ከኋላ።
«መጣሁ» ይላል መጀመሪያ፣ እንደ ተረኛ ዘበኛ፤
«አለሁ» ይላል ደግሞ። ከዚያ ዝም። ከዚያ ወደ እኛ።

እኔ እስቅ ነበር።
ያኔ የማውቀው እምነት ጎርፍ ነበር፦
ሦስት ሌሊት ጉባኤ፣ ሆታና ከበሮ፣
በእልልታ የተላጠ፣ የደረቀ ጉሮሮ፤
እሑድ ማታ ተነፍቼ፣ ሞልቼ፣ ተወጥሬ፣
ማክሰኞ ረፋድ ላይ በቸርኬ መንዳት ጀምሬ።
«ነፋሱ የት ይሄዳል?» ብዬ ጠየቅኩት አንድ ቀን።
አልመለሰልኝም።

የአፋር መንገድ ሹፌር ጎማ ተሸክሞ መጣ፤
«ሚስማር የለው፣ ስንጥር የለው፣ ክሩም አልወጣ፤
ማታ ሞልቼው አድራለሁ፣ ጠዋት ግን ተኝቷል።»
ጋሽ ወርዶፋ ዝም ብሎ ከመነዳሪውን አውጥቷል።
ነፋው፤ ከገንዳው ነከረው፤ እንደ ሕፃን ገላ
ስንዝር በስንዝር አዞረው፣ ክላክስ ቢጮህ ከኋላ።
ቆየ።
ቆየ።
ከቫልቩ እግር ሥር አንዲት አረፋ ወጣች፤
ከሰናፍጭ የምታንስ፣ እህቷን አስከትላ መጣች።
«አየህ፣ ሚስማርማ ጌታ ነው፤ ይጮሃል፣ ያስቆማል፤
ሰው የምታጋድመው ይቺ ናት፤ ይቺን ማን ይሰማል?
በሆታ አትገኝም። ውሃው ዝም ሲል ነው።
ደግሞ በየቀኑ ነው።»
ከዚያ፣ ማስቲሽ አቀብለኝ ነው ያለው።

በማግስቱ ከጎኑ ቆምኩ። ምንም አልተሰማኝም።
በሳልስቱም፣ በሳምንቱም፤ ከሰማይ ማንም አልጠራኝም።
ኮረብታው ላይ የነፋስ ተርባይኖቹ ዞሩ፤
ማንም ሳያያቸው ዞረው አደሩ።
አፌ «አለሁ» ይላል፤ ሐሳቤ ግን የለም፤
ጾም ገባ፣ ጾም ወጣ፤ እሱም ለምን አላለም።

ከዚያ አንድ ማለዳ፣ ዝም እንዳልኩ፣ ቡልቅ አለች፦
የባለባጃጁ መልስ፣ ሃምሳ ብር፣ ኪሴ የቀረች።
ፈልጌ ሰጠሁት። ስቆ «ረስቼው!» አለኝ።
እኔ ግን ያን ማታ እስከ ጠዋት አየር ያዘልኝ።
ሌላዋን ገና አልደፈንኳትም፦ ታላቅ ወንድሜ።
ሲደውል ስልኬን እገለብጣለሁ፤
አምስት ዓመቴ ነው ዘንድሮ፣ ከነቂሜ።

ጋሽ ወርዶፋ ጉልበቱ ከዳው፤ ወንጂ ልጁ ዘንድ ገባ።
ክሪኩን ተወልኝ፣ ገንዳውን፣
ያን የጠዋት ሰዓት፣ ያለ ደወል፣ ያለ ጧፍ፣ ያለ እንባ።

አሁን የምቆመው እኔ ነኝ። ኮፍያዬን አወልቃለሁ።
ሞልቻለሁ አልልም፤ ጠዋት ጠዋት እለካለሁ።
«መጣሁ።»
ነፋሱ የበሩን ላሜራ ያንኳኳል።
«አለሁ።»
ገንዳው ውስጥ ጭቃው ገና ወደ ታች ይወርዳል።
አንድ ሹፌር ከነጎማው ቆሟል፤ እግሩ አያርፍ፤
እጄን አነሳሁለት፦ ትንሽ ጠብቅ፤ ውሃው ይረፍ።