ሆድ ያልፈጀው

በግሪንላንድ ሰሜን፣ ቱኩሜቅ ከበረዶው ጠርዝ ተደፍታ፣
ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ቢላዋዋን ስላ፣ አንስታ፣
ያቆስጣውን ሆድ ቀደደችው፣ እንደ ፖስታ።
እንፋሎቱ ታየ፣ ላፍታ።

አማቷ ኡሳርቃቅ ነው ይህን ያስተማራት፣
ገና ሙሽራ ሳለች፣ የደም ሽታ ሲያስፈራት፦
«ሥጋውን ከማየትሽ በፊት ጨጓራውን አንብቢ፤
ባሕር ምስጢር አያወጣም ለጠያቂ፣ ላግባቢ።
ያቆስጣ ሆድ ግን ወረቀት ነው፣ የዋለበትን ይገልጣል፤
ሆድ ይፍጀው ብሎ የዋጠውን ስለት ያጋልጣል።

ላንቺ መሬት የሆነሽ ይህ ነጭ ሜዳ፣ ለታችኞቹ ጣሪያ፣
እርሻቸውም እዚያው ነው፤ የሁሉ ነገር መጀመሪያ።
ፀሐይ በመጋቢት ስትመለስ፣ ብርሃኗ በስንጥቅ ሲገባ፣
ከበረዶው ሥር ቁልቁል ያድጋል፣ ቡናማ አልጌ፣ ያለ አበባ።
ከሩዝ ፍሬ ያነሱ ቀያይ ነፍሳት ያን እየጋጡ ይሰባሉ፤
ትንንሾቹ የበረዶ ዓሦች ደግሞ እነሱን ይለቅማሉ፤
ዓሣው ላቆስጣ፣ አቆስጣው ለድብ፣ ላንቺም፣ ለኔም፣ ለውሾቹ፤
አንድ ጮማ ነው የሚዞረው፣ ብዙ ናቸው ጉሮሮዎቹ።»

ያ የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ነው።

ዘንድሮ በረዶው ዘግይቶ መጣ፣ ሄደም ቀድሞ፤
እንደ ችኩል እንግዳ፣ ደጃፍ ላይ ቆሞ።
ኡሳርቃቅ በብረት ዘንጉ መታው፤ ሦስቴ መምታት ነበር ልማዱ፤
በሁለተኛው ውሃ ፈለቀ። ቆመ። ጠፋበት መንገዱ።
«እጅህ ከብዶ ነው አባባ» አለው ልጁ ሚቲቅ፣ ሊያጽናናው።
ሽማግሌው እጁን አየ፣ ጓንቱን አውልቆ።
እጁ አልከበደም።

ባለፈው ሰኔ ነጩ ድብ ገደል ሲወጣ አዩት፣ የወፍ እንቁላል ሊለቅም፤
ያን የሚያህል ገላ፣ በዛጎል! ሺህ ቢልሰው አይጠቅም።
ቀድሞ በሩ የሚዘጋባቸው ገዳይ ዓሣ ነባሪዎች፣
ጥቁር ክንፍ እንደ ሸራ አቁመው ገቡ፤ ባለቤት መሳይ መንገደኞች።

አሁን ቱኩሜቅ ጨጓራውን ገልብጣ፣ በረዶው ላይ ዘረገፈችው።
አሥራ አንድ ዓሣ። ደግማ ቆጠረችው።
የምታውቃቸው አይደሉም። ቀጫጭን፣ ብር የለበሱ፣
የሞቀ ውሃ ተከትለው ከደቡብ የደረሱ።
መልካቸውስ ያምራል። በጣቷ ጨመቀች አንዷን፤
ዘይት ስትጠብቅ ውሃ ወረደ፣ አራሰው ክንዷን።
ከቆዳው ሥር ያለውን ጮማ ለካች፦ ድሮ አራት ጣት፣ ዛሬ ሁለት ተኩል።
ለማን ይከሰሳል ጉድለቱ? የማን ሚዛን ነው እኩል?

ቤት ውስጥ ልጇ ኢናሉክ፣ ለትምህርት ቤት፣ ድር ሥላለች፤
ከአልጌው እስከ ድቡ ድረስ ቀስት በቀስት አያይዛለች።
ድቡን ጥርስ አብዝታለታለች። ራሷንም ከዳር አስገብታለች፣ ቀይ ቦት ጫማ አድርጋ።
«በረዶውስ?» አላት አያቷ። «የት ሣልሽው?»
ልጅቷ አሰበች።
«በረዶው ወረቀቱ ነው፤ ነጩ፣ ያልቀባሁት።»
ኡሳርቃቅ ወረቀቱን ሊመልስላት ነበር።
አልመለሰም። በሁለት እጁ፣ በጠርዝ በጠርዙ ያዘው፣
እንዳይቀደድ።

ማታ አቆስጣው ተበላ፤ የተገኘ አይጣልም።
ጉበቱ ለሽማግሌው ቀረበ፣ ቀድሞ እሱ ይቀምስ ዘንድ፣ እንደ ወጉ።
ውሾቹ ውጪ ድርሻቸውን ጨርሰው ገና ይጮኻሉ።
አላመጠ። ቆየ። ደግሞ አላመጠ።
ቱኩሜቅ ዓይን ዓይኑን ታያለች፦ «ምን ይላል?»
«ሌላ ባሕር በልቷል» አለ።
ከዚያ ዋጠው።