ዘይት ያልደረሰው

ማሁኞን ሞተሩን እየገፋ መጣ፣ በነጋ በጠባ፤
የዘሚጃን ቢጫ ሸሚዙን ላብ አርሶት፣ ጥላዬ ሥር ገባ።
«ይኸው እንደገና» አለኝ፤ «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፤
የዳንቶክፓን ነጋዴ ሳፈናጥጥ፣ እሱ ያንጓጥጠኛል።»

ዌፋን ጠራኋት፤ ተለማማጄን፣ አሥራ ሰባት ዓመቷ፣
ከእኔ የተሻለ ጆሮ ያወረሰቻት እናቷ።
የካቻቢቴውን ጫፍ ቴስታታው ላይ ተክላ፣
እጀታውን ለጆሮዋ ሰጥታ፣ ሌላውን ዓለም ጥላ፣
«ከታች አይደለም» አለች፤ «ከላይ ነው የሚያወራው፤
ሞተሩ ሁለቴ ሲዞር፣ አንዴ ነው የሚጣራው።»

ግማሽ ፍጥነት። ካምሻፍቱ።
አወቅሁት፣ ግን አላመንሁም፤
አምና በገዛ እጄ የገጠምሁት ነው።

ክዳኑን ፈታን። ቡሎኖቹን ቆርቆሮ ላይ ደረደርሁ፣
የቫልቩን ክፍተት በስስ የብረት ቅጠል ለካሁ፤
ባለፈው ሳምንት በልኩ ያጠበብሁት፣
ዛሬ ጥፍሬን የሚያስገባ ሆኖ አገኘሁት።

እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፣ ቀስ በቀስ፤
ይሄኛው የሄደው በአፍንጫው ነው፣ አፍንጫው እስኪላስ።
የካሙ ጫፍ ተልጦ፣ እንደ ፈንጣጣ ተቦርቡሮ፣
ጣቴን ባስኬድበት ጥፍሬን ያዘኝ፣ ዞሮ ዞሮ።
በማይክሮሜትር ለካሁ፤ ዌፋ ተቀብላኝ ደግማ ለካችው፤
ቁጥሩን አፏ አልጠራውም፤ አቧራው ላይ በጣቷ ጻፈችው።

«ዘይቱ ነው?» አለ ማሁኞን፣ ራሱን ሊከስ ተዘጋጅቶ፤
ጥፋት ሲፈለግ ድሃ የሚፈትሸው የራሱን ኪስ ነው፣ አስቀድሞ ገብቶ።
«ከመንገድ ዳር ገዛሁት፤ ጠርሙሱ የአረቄ፣ ውታፉ ጨርቅ፤
የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ ደርሶ ...» አለና ዝም፣ ድርቅ።

«አዎ» ልለው ነበር፤ ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ አድሮ፤
ርካሽ ዘይት ለስንቱ ሜካኒክ ቤት ሠርቷል፣ ስንቱን ገመና ቀብሮ!

ዌፋ ግን ዘይቱን በሁለት ጣቷ መሐል አሸችው፤
አሸተተችው። ወደ ብርሃን ይዛ አየችው።
«ጥቁር ነው እንጂ አልቀጠነም፤ ክር ይመዛል፤
ዘይቱ ቢሆን፣ የታችኛውም ኩሽኔታ ይታመማል።
ታችኛው ጤነኛ፣ ላይኛው ጥማተኛ፤
መሐል መንገድ ላይ የቆመ አለ፤ ሌባ ይሁን ዘበኛ።»

ከአሮጌ የፍሬን ገመድ አንዲት ሽቦ ለየች፤
በዘይቱ ቀዳዳ ቀስ አድርጋ ሰደደች።
ቆመ። ገፋች። ቆመ። አዞረች። ሳበች።

የወጣው
ቀይ ነበር።
የተጠቀለለ፣ ለስላሳ፣ የሩዝ ፍሬ የማያህል።
ሲሊኮን።

በዚህ መንገድ ቀይ ሲሊኮን የምገዛው እኔ ብቻ ነኝ፤
ሌሎቹ ጥቁሩን ነው፤ እኔ በቀዩ እኮራ ነበር።
አምና፣ በዝናቡ ወራት፣ ገንዘቡ ካሙ ላይ አልቆ
ለጓርኒሲዮን የሚተርፍ ሲያጣ፣
«ግድ የለም፣ እኔ እያለሁ» ብዬ
በልግስና ቀባሁለት። በልግስና!
ወደ ውጭ ያበጠውን በጨርቅ ጠረግሁ፤
ወደ ውስጥ ያበጠውን ማን ያያል?

ዌፋ ምንም አላለችም።
ትሏን መዳፌ ላይ አኑራ
እጇን በቤንዚን ታጠበች፣ ከሚያስፈልገው በላይ ረጅም ጊዜ።
ማሁኞን ከመንገዱ ዳር፣ ስልክ ላይ፣
ለሚስቱ የካምሻፍት ዋጋ ይነግራታል፣
በፎን ቋንቋ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ መርዶ እንደሚያረዳ።

ቃሉ ከሆዴ ተነሣ፤ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።
ገፋሁት። ቆመ።
ላይኛው እኔ ደረቀ፤ ታችኛው ታመመ።

«ማሁኞን» አልሁ፤ «ስልኩን ዝጋው።»
መዳፌን ዘረጋሁ።
አነሣት። አገላበጣት። «ይቺ?» አለ።
ቀና ብሎ አየኝ፤ ደግሞ እሷን አየ።
«ይቺ ናት?»

ካሙን ከኪሴ ገዛሁ፤ በናይጄሪያ ድንበር በኩል በሦስተኛው ቀን ደረሰ።
ዌፋ ያን ማታ የቀዩን ቱቦ ክዳን አጥብቃ፣
ሆዱ ላይ በሚስማር
ያንን የአቧራውን ቁጥር ጫረችበት።