አራት ነጥብ

ዳካ፣ ሦስተኛ ፎቅ፤ ማራገቢያው ያቃስታል።
ክረምቱን ሙሉ ሳተላይቱ ከላይ ያልፋል፤
በየአምስት ቀኑ፣ ሰዓቱን ሳይስት፣
የሚልክልኝ ግን ደመና ነው፣ የነጭ ጥጥ ክምችት።

ኅዳር ላይ ጠራ።
ጃሙና ብቅ አለ፣ በስክሪኔ ላይ ጠቁሮ፣
እንደ ተፈታ ሹሩባ፣ ዘለላው ለየብቻ ዞሮ።
አርባ ዓመት የሞላውን ካርታ ከሥሩ ዘረጋሁ፤
መንደር በነበረበት ወንዙን አገኘሁ፣
ወንዙ በነበረበት የሩዝ ማሳ አየሁ።

ሥራዬ ቀላል ነው፤ ውሃን ከመሬት መለየት።
ዓይን በማያየው ጨረር ውሃ ይጠቁራል፣ ቅጠል ይነድዳል፣
ቆርቆሮ እንደ ጥርስ ያበራል።
አንዱ ነጥብ በምድር ላይ አሥር ሜትር በአሥር ነው፤
ከዚያ የሚያንስ ሁሉ፣ ላም ይሁን፣ ጀልባ ይሁን፣ ሰው፣
በጎረቤቱ ቀለም ተውጦ የሚቀር ነው።

ማሽኑ ይጠይቀኛል፦ «በእርግጥ ይሰረዝ?»
አዎ እላለሁ። መስጊድ። ትምህርት ቤት። የገበያ መንገድ።
መሃል ላይ ሻይ እጠጣለሁ፣ ብስኩት ነክሬ።

ግን ደንብ ነው፤ ከሰማይ የታየ በእግር ይረጋገጣል።
ታኅሣሥ ላይ ወረድኩ። ጀልበኛው ኢንታዝ
ሞተሩን አጥፍቶ በቀርከሃ ጥልቀቱን ይለካል።
«እዚህ ጋ ቀስ እንበል» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
«ከሥራችን የእናቴ ጓዳ አለ።»

ቻር ይሉታል፤ ወንዝ የተፋው አሸዋ ነው፣ ሰው የሰፈረበት።
ሽማግሌው ሞፊዙዲን አሥራ አንድ ጊዜ ቤቱን ነቅሎ ተክሎበታል፤
በየቆርቆሮው ጠርዝ ላይ በቀለም ቁጥር ጽፎበታል፣
ሲፈርስም ሲሠራም ተራው እንዳይጠፋበት።

«ካርታ አለኝ» አለ።
ከፕላስቲክ ውስጥ ፕላስቲክ፣ ከዚያ ውስጥ ጨርቅ፣
ከጨርቁ ውስጥ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት፣
የዘንድሮ ግብር የተከፈለበት ደረሰኝ ተጣብቆበት።
መሬቱ የት ነው? ስለው
በአገጩ አሳየኝ፣
አሁን የመጣንበትን ውሃ።

እኔ ካርታ ሠሪ፣ እሱ ባለ ካርታ፣
ተያየን ለአፍታ።

ሰማይ አይታረስ ይባላል፤ እውነት ነው፣ አይታረስ።
ሰማዩ ግን እኛን ያርሰን ጀመር፤
በየአምስት ቀኑ ይገለብጠናል፣
ጥቁሩን ወደ ነጭ፣ ነጩን ወደ ጥቁር።

«ከዚያ ላይ ሆኖ ሲታይ ቤቴ ምን ያህላል፣ ልጄ?»
«አራት ነጥብ» አልኩት።
«በቃ?»
«በቃ።»
ሳቀ። ከዚያ ግቢውን በእርምጃ ለካ፣
ከፓፓያው እስከ ፍየሎቹ፣
ውሸቴን እንደሚፈትሽ ሰው። ልክ ነበርኩ።

የደሴቱ ስም መሞላት ነበረበት።
አንዱ የአያቱን ስም ሰጠኝ፣ ሌላው የባለሥልጣን።
ጆይጉን የፓምፑን እጀታ ሳትለቅ፣
«ስም ያወጣንለት ሁሉ ሄደብን» አለች፤
«ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ።
ይሄኛውን ጠርተን አናስደንብረው።»

ዳካ ተመለስኩ። የስሙ ሳጥን ባዶ ሲሆን
ማሽኑ ቀይ ያበራል፣ አይቀበልም።
ፊደል የሌለበትን ረጅሙን ቁልፍ
አንድ ጊዜ ብቻ ተጫንኩ፤
ባዶነት ጻፍኩ።
ተቀበለ።

ካርታው ታተመ፤ ቀለሙ ያማረ፣ መሥሪያ ቤቱ አጨበጨበ።
ኬክ ተቆረሰ። የእኔን ቁራሽ ጠረጴዛዬ ላይ ተውኩና
የዕለቱን ምስል ከፈትኩ።
ጥቁሩ ከደቡብ በኩል ገፍቶ መጥቷል፤
አጎላሁ፣ አጎላሁ፣ ምስሉ ጡብ ጡብ እስኪሆን ድረስ።
የሞፊዙዲን ቆርቆሮ ያበራል አሁንም።
በጣቴ ስክሪኑን ነክቼ ቆጠርኩ፦
አንድ፣
ሁለት፣
ሦስት ነጥብ…