ሰባተኛዋ ቅጠል

ቅዳሜ ማለዳ፣ ኡዴልናያ ገበያ፣
በረዶው ሳይጠረግ፣ ከባቡሩ ወዲያ፣
ሻጮች ላስቲክ አንጥፈው ይዘረግፋሉ ጓዝ፦
የሟች አማት ካፖርት፣ የዛገ መቅረዝ።
ጓንቴን አወልቅና ብርጭቆ እዳስሳለሁ፤
በዓይኔ አይደለም እኔ፣ በጣቴ አያለሁ።
በእጅ የተቀባ ቀለም ጠባሳ ይመስላል፣
ጣት ሲሄድበት ከፍ፣ ዝቅ፣ ከፍ ይላል፤
የታተመው ልሙጥ ነው፣ እንደ ሐሰተኛ ምላስ፣
ያንሸራትታል እንጂ ልብ አይነካም ሲዳሰስ።

ልቤ የወደዳትን ትክ ብዬ አላያትም፣
ሻጭ ዓይን ያነባል፣ ዋጋዋ አይቀመስም፤
በአንድ ዶሎዶም ማጭድ ስከራከር ቆይቼ፣
"ይቺንስ?" እላለሁ፣ ፊቴን ወዲያ ሰጥቼ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ትራም ስነዳ ኖሬ፣
ሐዲዱ በመራኝ ሄጄ ተመልሼ አድሬ፣
ጡረታ ስወጣ መሄጃ ቢጠፋኝ፣
አንዲት ሰማያዊ ብርጭቆ ጠለፈችኝ።
በአራት መቶ ሩብል፣ አንገቷ የተላጠ፣
የከንፈሯ ወርቅ በእጥበት የተሟጠጠ፤
ሆዷ ላይ ነጭ አበባ ያለ ሥር ቆሞበት፣
ስድስት ቅጠል ግራ ቀኝ እንደ ሚዜ አጅበውት፤
ሰባተኛዋ ግን ሳትጠራ የመጣች፣
እንደ ሰከረ እንግዳ ከረድፉ የወጣች፤
ከእግሯ ሥር "ካ" የሚል አንድ ፊደል ያዘለች።

ከዚያ ወዲህ ያቺን "ካ" ማሳደድ ሆነ ሥራዬ።
አንዷን ከጋራዥ አገኘሁ፣ ምስማር ታጭቆባት፣
አንዷን ከጥርስ ሐኪም ቤት፣ ጥጥ ተወትፎባት፤
ሦስቱን በቮድካ ለወጥኩ፣ ከወታደር መበለት፤
አንዷን ሜትሮ ውስጥ ሰበርኩ፣ ቆሜ አለቀስኩላት።
ልጄ አግላያ መጥታ መደርደሪያውን አየች፦
"አርባ አንድ የአበባ ማስቀመጫ፣ አበባው ዜሮ!" አለች።

በሰኔ ተሳፈርኩ፣ ከቭላዲሚር ማዶ፤
ፋብሪካው ተዘግቶ፣ ጭስ ማውጫው ተንዶ።
ወተት የምትሸጥ ሴት "ካፒቶሊና ናት" አለችኝ፣
አረንጓዴ መስኮት በአገጯ ጠቆመችኝ።

ዘጠና ሊሞላት ነው፣ ጣቷ ዝንጅብል መስሏል፤
ያመጣኋትን ስሰጣት፣ "ይህን ደግሞ ማን ጥሎታል?"
አላለቀሰችም፣ አልተገረመችም፣
ገልብጣ አየቻት እንጂ ስሟን አልፈለገችም።
"ሰባተኛዋስ?" አልኩ፣ ልቤ ደረቴን ሲመታ፣
"ፍቅር ነው? ኀዘን ነው? የማን ናት ትዝታ?"
ሳቀች። "አንተ ሰው፣ በቀን ሰማንያ ነበር ኮታው፤
መስታወት ነፊው አርኪፕ፣ እጁ የሚንቀጠቀጠው፣
አረፋ ያስቀርባታል፤ ለአረፋ ደሞዝ ይቆረጣል፤
እኔ ምን ላድርግ ታዲያ? ቅጠል ጣል ይደረግበታል።
ይኸው ነው።"

ልትመልስልኝ ስትል "የእርስዎ ናት" አልኳት፤
ከጓሮ እንስላል ቆርጣ ውሃ ሞላችባት፣
መስኮት ላይ አቆመቻት፣ ከመድኃኒቷ ጋር፤
እኔን ሸኘችኝ በአንድ ጠርሙስ የኮመጠጠ ኪያር።

የሰኔ ሌሊታችን ጨለማ አያውቅምና
መጋረጃውን ዘጋሁ። ባትሪዬን አበራሁና
አርባዎቹን አንድ በአንድ ከውስጥ አየኋቸው፦
ከየቅጠሉ ጀርባ፣ እንደ ዓሣ ዓይን የቆመ፣
የአርኪፕ ትንፋሽ አለ፣ ስልሳ ዓመት የከረመ።
ሰውየው አፈር ገብቷል። እኔ ቤት ይተነፍሳል።

ሠላሳ ዘጠኝ ቆጠርኩ።
አርባኛዋን አነሳሁ፣ አዞርኳት፣ ደግሜ አዞርኳት፤
ጥርት ያለች ናት። አንድም አረፋ የለባት።
ቅጠሏ ግን አለች፣
ከረድፉ እንደ ወጣች፣
ምንም ሳትሸፍን።

ባትሪው ደክሞ ጠፋ።
እኔ አልተኛሁም።